የቢሮ ፕሪንት ሰርቨር መጠባበቂያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሞዝ ሊከፈል ነው። ፋይናንስ ክፍል ዝርዝሩን ጨርሶ ፕሪንት ይላል፤ ምንም አይወጣም። ፕሪንተሩ በርቷል፣ ወረቀት አለው፣ ቶነሩም አላለቀም። የወደቀው ከጀርባ ያለው ሰርቨር ነው። ብዙ ቢሮ ለፋይሎቹና ለሂሳብ ሶፍትዌሩ ባክአፕ ያዘጋጃል፤ ፕሪንት ሰርቨሩን ግን የሚያስታውሰው እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት ዊንዶውስ ሰርቨርና አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የቢሮውን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች በአንድ ቦታ የሚያስተዳድር የማይክሮሶፍት ሥርዓት) ለሚጠቀሙ መካከለኛ ቢሮዎች የተጻፉ ናቸው። ሊኑክስ ለምትጠቀሙም ወደ መጨረሻው አካባቢ ቦታ አለ።

ፕሪንት ሰርቨር በትክክል ምንድን ነው የሚሠራው?

ሦስት ነገር ይሠራል። ከየኮምፒውተሩ የሚመጣውን ሰነድ ተቀብሎ ወረፋ ያስይዛል፤ ይህን የሚሠራው ስፑለር የሚባለው ሰርቪስ ነው። ለሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያናግርበትን ሶፍትዌር፣ ያድላል። ማን በየትኛው ፕሪንተር ማተም እንደሚችልም ይወስናል። ሰነዱ ተራው ሲደርስ ሰርቨሩ በኔትወርክ ወደ ፕሪንተሩ ይልከዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በፖርት 9100 ነው።

ስለዚህ ሰርቨሩ ሲወድቅ ፕሪንተሮቹ ጤነኛ ሆነው ሳለ ሁሉም በአንዴ ይቆማሉ። አንድ ፕሪንተር ብቻ ከቆመ ችግሩ ምናልባት እዚያው ፕሪንተሩ ላይ ወይም ኬብሉ ላይ ነው። ሁሉም ከቆሙ ቀድማችሁ ሰርቨሩንና ስዊቹን እዩ።

ሁሉም ቢሮ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም። አምስት ስድስት ሰውና አንድ ፕሪንተር ካላችሁ ፕሪንት ሰርቨር ራሱ ትርፍ ነው። ለፕሪንተሩ ቋሚ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ስጡትና እያንዳንዱ ኮምፒውተር በቀጥታ ይላክለት። የሚወድቅ ሰርቨር ስለሌለ መጠባበቂያም አያስፈልግም።

የሰውና የፕሪንተር ቁጥር ሲጨምር፣ ወይም የአንድ ሰዓት መቆም ደንበኛ ፊት የሚያሳፍር ሲሆን፣ ያኔ አስቡበት። ደረሰኝ የሚያትም፣ የምርመራ ውጤት የሚሰጥ፣ በሰኔ 30 የበጀት መዝጊያ ላይ ሰነድ የሚያግተለትል ክፍል ያለው ቢሮ መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከምን እንጀምር? ሁለተኛ ማሽን ከመግዛት?

ከስሙ ጀምሩ። የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት ይኸው ነው።

በአብዛኛው ቢሮ የሠራተኛው ኮምፒውተር ፕሪንተሩን የሚያገኘው በማሽኑ ስም ነው። ማሽኑ «ሰርቨር1» ከሆነ ፕሪንተሩ የተገናኘው «ሰርቨር1 ላይ ያለው የፋይናንስ ፕሪንተር» ተብሎ ነው። «ሰርቨር1» የሞተ ቀን «ሰርቨር2» አጠገቡ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ እንኳ ማንም ኮምፒውተር አያውቀውም። አይቲው ከዴስክ ዴስክ እየዞረ ፕሪንተር ሲጨምር ይውላል። መጠባበቂያ ገዝተው በጭንቅ ሰዓት ያልጠቀማቸው ቢሮዎች ብዙውን ጊዜ የተሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ዲኤንኤስ (የማሽን ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት) ላይ ተለዋጭ ስም መፍጠር ነው። «ሲኔም» የሚባለውን ሬኮርድ ከፍታችሁ ለምሳሌ «ፕሪንት» የሚል ስም ስጡ፤ ወደ «ሰርቨር1» እንዲያመለክት አድርጉት። ከዚያ የሁሉም ኮምፒውተር ፕሪንተር በዚህ ስም እንዲገናኝ አድርጉ። ፕሪንተሮቹን በግሩፕ ፖሊሲ (ለሁሉም ኮምፒውተር ከአንድ ቦታ ቅንብር በሚሰጥበት መንገድ) የምታድሉ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ማስተካከል ብቻ ነው። ዋናው ሲወድቅ ሬኮርዱን ወደ «ሰርቨር2» ታዞሩታላችሁ። ሠራተኛው ምንም አይነካም።

አንድ ዝርዝር እዚህ ላይ አትርሱ። ዊንዶውስ ዲኤንኤስ ሬኮርድ ሲፈጥር የሚሰጠው የቆይታ ጊዜ 1 ሰዓት ነው። ይህ ማለት ሬኮርዱን ብትቀይሩትም አንዳንድ ኮምፒውተር እስከ አንድ ሰዓት ድረስ የድሮውን አድራሻ ይዞ ይቆያል። ለዚህ ስም ብቻ ወደ 5 ደቂቃ አውርዱት። ይህን ማድረግ ያለባችሁ ደግሞ አሁን፣ ሁሉም ነገር ደህና እያለ ነው። ሰርቨሩ ከወደቀ በኋላ ብታሳጥሩት ኮምፒውተሮቹ አስቀድመው የያዙትን የድሮ ጊዜ ነው የሚጠብቁት።

ተለዋጭ ስሙን ፈጠርን፤ ፕሪንተሩ ግን በዚያ ስም አልገናኝም አለ። ለምን?

ዊንዶውስ ሰርቨር የራሱ ባልሆነ ስም ሲጠራ ዝም ብሎ አይመልስም። በዚያ ስምም ሊጠራ እንደሚችል ሬጂስትሪው (የዊንዶውስ ቅንብሮች ማከማቻ) ላይ ሊነገረው ይገባል። በዋናነት የሚፈለጉት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው በኮንትሮል ሥር ባለው «ፕሪንት» ቁልፍ ውስጥ «ዲኤንኤስ ኦን ዋየር» የሚባለውን እሴት 1 ማድረግ ነው። ሁለተኛው በ«ላንማን ሰርቨር» መለኪያዎች ውስጥ «ኦፕሽናል ኔምስ» በሚባለው እሴት ላይ ተለዋጩን ስም መጻፍ ነው። ከዚያ ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጉ። በ709 የሚያበቃ የስህተት ኮድ ካያችሁ መጀመሪያ እነዚህን ፈትሹ።

ሁለቱንም ሰርቨር ላይ አድርጉት። ዋናው ላይ ብቻ አስተካክሎ መጠባበቂያውን መርሳት የተለመደ ነው፤ የሚታወቀውም ዋናው የወደቀ ዕለት ነው።

ለተለዋጩ ስም ኬርቤሮስ (አክቲቭ ዳይሬክተሪ ማንነት የሚያረጋግጥበት ዘዴ) እንዲሠራ ብላችሁ የሰርቪስ ስም በዋናው ሰርቨር አካውንት ላይ ካስመዘገባችሁ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ወደ መጠባበቂያው ስትዞሩ ምዝገባውን ከዋናው ላይ አንስታችሁ ወደ መጠባበቂያው ማዛወር አለባችሁ። አለዚያ ኮምፒውተሮቹ በ«ሰርቨር1» ማንነት «ሰርቨር2»ን ለማናገር ይሞክራሉ፤ እሱም አይቀበላቸውም። ይህን ትእዛዝ ጽፋችሁ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡት።

ዋናው ላይ ያሉትን ፕሪንተሮች ወደ መጠባበቂያው እንዴት እንገልብጣቸው?

አንድ በአንድ በእጅ አትጨምሩ። ፕሪንት ማኔጅመንት የሚባለው መስኮት ውስጥ ሰርቨሩን በቀኝ ቁልፍ ስትጫኑ ፕሪንተሮችን ወደ ፋይል የሚልክ ምርጫ ታገኛላችሁ። ወረፋዎቹን፣ ድራይቨሮቹንና ፖርቶቹን (ሰነዱ የሚላክባቸውን የፕሪንተር አድራሻዎች) በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያወጣል። መጠባበቂያው ላይ ያንኑ ፋይል መልሳችሁ ታስገባላችሁ። ይኸው ሥራ በትእዛዝ መስመርም ይሠራል፤ መሣሪያው «ፕሪንትቢአርኤም» ይባላል። ስለዚህ በታስክ ስኬጁለር በየሳምንቱ በራሱ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ፋይሉ ዋናው ሰርቨር ላይ ብቻ እንዳይቀመጥ፤ ወዲያው ወደ ሌላ ማሽን ይገልበጥ።

ስታስገቡ ዊዛርዱ ፕሪንተሮቹ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላይ ይዘርዘሩ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለመጠባበቂያው «ምንም አትዘርዝር» የሚለውን ምረጡ። አለዚያ ሠራተኛው ፕሪንተር ሲፈልግ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሆኖ ይመጣበታል፤ ግማሹ ሰውም ሳያውቅ በመጠባበቂያው መጠቀም ይጀምራል።

የሼር ስሞቹ (ፕሪንተሮቹ በኔትወርክ ላይ የሚታዩባቸው ስሞች) በሁለቱም ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለባቸው። ፖርቶቹ ደግሞ መደበኛ የቲሲፒ/አይፒ ፖርቶች ይሁኑ እንጂ ዊንዶውስ ራሱ ፈልጎ የሚፈጥራቸው «ደብሊውኤስዲ» የሚባሉት አይሁኑ። ለፕሪንተሮቹም ዲኤችሲፒ (አይፒ የሚያድለው አገልግሎት) ላይ ቋሚ አድራሻ ያዙላቸው፤ ራውተሩ በተነሳ ቁጥር አይፒ የሚቀይር ፕሪንተር ሁለቱንም ሰርቨር ያሳስታል።

አንዳንድ ቢሮ ለደህንነት ሲባል ፕሪንተሩ ከአንድ አይፒ ብቻ ሰነድ እንዲቀበል አድርጎ ይዘጋዋል። ጥሩ ልማድ ነው። ግን የመጠባበቂያውንም አይፒ ፍቀዱለት።

ድራይቨር ላይ ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ ይባላል?

በ2021 ክረምት ላይ የስፑለር ትልቅ የደህንነት ቀዳዳ ተገኘ፤ ፕሪንትናይትሜር ተብሎ ይታወቃል። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ማይክሮሶፍት ባወጣው ማስተካከያ መሠረት አስተዳዳሪ ያልሆነ ተጠቃሚ ከሰርቨር ላይ የፕሪንተር ድራይቨር መጫንም ሆነ ማደስ አይችልም።

ይህ ለመጠባበቂያ ምን ማለት ነው? ዋናው ላይ ያለው ድራይቨር አንድ ስሪት (ቨርዥን)፣ መጠባበቂያው ላይ ያለው ሌላ ስሪት ከሆነ ችግር ይፈጠራል። ስሙን ወደ መጠባበቂያው ባዞራችሁ ጊዜ የሠራተኛው ኮምፒውተር «ድራይቨር ላድስ» ይላል። ለዚያ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሠራተኛው የለውም። ያው ዴስክ ለዴስክ መዞር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ የድራይቨሩ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የስሪት ቁጥሩም በሁለቱም ላይ አንድ ይሁን። ዋናው ላይ ስታድሱ በዚያው ቀን መጠባበቂያውም ላይ አድሱ።

በግሩፕ ፖሊሲ የተፈቀዱ ፕሪንት ሰርቨሮችን ዝርዝር የምትጠቀሙ ከሆነ ሦስቱንም ስም ጻፉ፦ ዋናውን፣ መጠባበቂያውንና ተለዋጩን።

መጠባበቂያው ምን ዓይነት ማሽን ይሁን?

ትልቅ ማሽን አያስፈልገውም። ለመካከለኛ ቢሮ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) ይበቃል። ቁምነገሩ ከዋናው ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ አለመሆኑ ነው። ሁለቱም ቨርቹዋል ሆነው በአንድ ፊዚካል ማሽን ላይ ከተቀመጡ፣ ያ ማሽን ሲቃጠል ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ተራ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ዴስክቶፕ ለጊዜው ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም በአንድ ጊዜ የሚቀበለው እስከ 20 ግንኙነት ነው፤ 21ኛው ሰው ይመለሳል። ትንሽ ቢሮ ከሆናችሁ በቂ ነው።

ዶሜይን ኮንትሮለሩን (አክቲቭ ዳይሬክተሪ ያለበትን ሰርቨር) መጠባበቂያ ፕሪንት ሰርቨር ማድረግ ግን ይቅር። «ሁልጊዜ የሚሠራ ማሽን ነው፣ እዚያው ላይ እንጨምረው» የሚለው ሐሳብ ይማርካል። ነገር ግን ከፕሪንትናይትሜር በኋላ የሚመከረው ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ ስፑለሩን ጭራሽ መዝጋት ነው። የቢሮውን ሁሉ ቁልፍ የያዘውን ማሽን ለፕሪንተር ብላችሁ አደጋ ላይ አትጣሉት።

ክላስተር ብንሠራ አይሻልም?

ድሮ ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ላይ ስፑለሩን ራሱን ክላስተር (አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚተካው የማሽኖች ቡድን) ማድረግ ይቻል ነበር። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ ያ መንገድ ቀረ። አሁን የሚደረገው ፕሪንት ሰርቨሩን ቨርቹዋል ማሽን አድርጎ፣ ያንን ቨርቹዋል ማሽን በሃይፐር-ቪ (የማይክሮሶፍት የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት) ክላስተር ላይ ማስቀመጥ ነው። አንደኛው ፊዚካል ማሽን ሲሞት ቨርቹዋሉ በሌላኛው ላይ በራሱ ይነሳል።

ክላስተሩ ቀድሞ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ለፕሪንተር ብቻ ብላችሁ ግን አትግዙ። ክላስተር የሚያድናችሁ ማሽን ሲሞት ነው። ስፑለሩን የሚያበላሽ ድራይቨር ከተጫነ ያው የተበላሸው ሰርቨር ነው በሌላኛው ማሽን ላይ የሚነሳው። ለአርባ ሃምሳ ሰው ቢሮ የዲኤንኤስ ስምና ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሁለተኛ ሰርቨር በቂ ነው ባይ ነኝ።

ሰርቨሩ ሲወድቅ ወረፋ ላይ የነበሩት ሰነዶችስ?

እነሱ የዋናው ሰርቨር ዲስክ ላይ ናቸው፤ መጠባበቂያው አያያቸውም። ለሠራተኛው በግልጽ ንገሩት፦ «ያላተማችሁትን እንደገና ላኩ።» ሌላም አስጠንቅቁ። ዋናው ሰርቨር ተጠግኖ ሲነሳ ወረፋው ላይ የቀሩት ሰነዶች ሊወጡ ይችላሉ። የደሞዝ ዝርዝር ከሁለት ቀን በኋላ ማንም ሳይጠብቀው ኮሪደር ላይ ያለ ፕሪንተር ላይ ሲወጣ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ዋናውን ስታነሱ ከኔትወርክ ነቅላችሁ አንሱት፤ ስፑለሩን አቁሙ፤ በስፑል ፎልደር ውስጥ «ፕሪንተርስ» የሚባለውን አጽዱ፤ ከዚያ አገናኙት።

ሰርቨሩ ደህና ሆኖ የወደቀው ፕሪንተሩ ራሱ ከሆነ ግን ሰነዶቹን ማዳን ይቻላል። ተመሳሳይ ሞዴል ያለው ሌላ ፕሪንተር ካለ የወረፋውን ፖርት ወደ እሱ አዙሩት። መታተም ከጀመረው በስተቀር የቀሩት እዚያ ይወጣሉ።

መብራት ሲጠፋስ?

ሰርቨሮቹና ስዊቾቹ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ሁለቱን ሰርቨሮች በተለያየ ዩፒኤስ ላይ ብታደርጉ ይመረጣል፤ የአንዱ ባትሪ ሲደክም ሌላው ይቆያል። ሌዘር ፕሪንተር ግን በትንሽ ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ክፍል ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከፍተኛ ስለሆነ ዩፒኤሱን ከአቅሙ በላይ ይጭነዋል፤ ከጎኑ የተሰካውን ሰርቨርም ይዞት ሊጠፋ ይችላል። ፕሪንተሩ ጄኔሬተሩን ይጠብቅ።

መብራት ሲመለስ ሁሉም በአንዴ ሲነሳ አንዳንድ ፕሪንተር ሰርቨሩ ላይ «ኦፍላይን» ሆኖ ይቀራል፣ እየሠራም ቢሆን። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሰርቨሩ የፕሪንተሩን ሁኔታ የሚጠይቅበት የኤስኤንኤምፒ ጥያቄ መልስ አለማግኘቱ ነው። ፖርቱ ላይ የኤስኤንኤምፒ ሁኔታ መከታተያውን ምልክት ብታነሱት ይስተካከላል።

ቅርንጫፍ ቢሮ አለን፤ ፕሪንት ሰርቨሩ ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። መስመር ሲቋረጥ ምን ይደረግ?

ለዚህ ሁለተኛ ሰርቨር መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ ለቅርንጫፍ ቢሮ በቀጥታ ማተም የሚያስችል አማራጭ አለ። በፕሪንት ማኔጅመንት ውስጥ ለየፕሪንተሩ ይከፈታል። ሰነዱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደርሶ አይመለስም፤ ከኮምፒውተሩ በቀጥታ አጠገቡ ወዳለው ፕሪንተር ይሄዳል። ኮምፒውተሩ የፕሪንተሩን መረጃ ስለሚያስቀምጥ መስመር ቢቋረጥም ማተም ይቀጥላል። ኢንተርኔት እየተቆራረጠ ለሚያስቸግራቸው ቅርንጫፎች ከዚህ የተሻለ ርካሽ መፍትሔ አላውቅም።

የሚያሳጣችሁ ነገርም አለ። ሰነዱ በሰርቨሩ ስለማያልፍ፣ ሰርቨር ላይ ተቀምጠው ገጽ የሚቆጥሩ ወይም በካርድ ብቻ የሚያሳትሙ ሶፍትዌሮች ከዚህ ጋር አይሄዱም።

ስካን የሚደረገውስ?

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሁሉንም በአንድ የያዙት ፕሪንተሮች ስካን ያደረጉትን ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጡት እዚያው ሰርቨር ላይ ባለ ፎልደር ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ሲወድቅ ስካንም ይቆማል። መጠባበቂያው ላይ ተመሳሳይ ስም ያለው ፎልደር ፍጠሩ፤ ፕሪንተሩ ላይም አድራሻውን በተለዋጩ ስም ጻፉ። ፕሪንተሩ በጣም አሮጌ ከሆነ የሚያውቀው የድሮውን የኤስኤምቢ 1 የፋይል መጋሪያ ቋንቋ ብቻ ሊሆን ይችላል። አዳዲስ ዊንዶውስ ሰርቨሮች ደግሞ ያንን ዘግተው ነው የሚመጡት። መልሳችሁ አትክፈቱት፤ ስካኑ በኢሜይል ወይም በኤፍቲፒ እንዲሄድ አድርጉ።

ሊኑክስ ላይ ከሆንንስ?

ከፕስ (የሊኑክስ የማተሚያ ሥርዓት) የሚጠቀም ሰርቨር ላይ ሥራው ቀለል ይላል። የፕሪንተሮቹ ዝርዝር «ፕሪንተርስ ዶት ኮንፍ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው፤ የድራይቨር መግለጫዎቹ ደግሞ አጠገቡ ባለው «ፒፒዲ» ፎልደር ውስጥ። የመጠባበቂያውን ከፕስ አቁማችሁ ሁለቱን ገልብጡ፤ ከዚያ አስነሱት። እየሠራ ሳለ ከገለበጣችሁ የራሱን መልሶ ሊጽፍባችሁ ይችላል። ከፕስ ፕሪንተሮችን በቡድን ማድረግም ይችላል፤ ለቡድኑ የተላከ ሰነድ ነፃ በሆነው ፕሪንተር ላይ ይወጣል። የስሙ ነገር ግን እዚህም ያው ነው፤ ኮምፒውተሮቹ በፖርት 631 የሚገናኙት ከማሽኑ ስም ጋር ሳይሆን ከተለዋጩ ስም ጋር ይሁን።

መጠባበቂያው እንደሚሠራ በምን እናውቃለን?

ዋናውን አጥፍታችሁ በመሞከር። ሌላ መንገድ የለም። በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ምረጡ። የዋናውን ስፑለር አቁሙ፣ ስሙን አዙሩ፣ ከሦስት አራት ክፍሎች አትሙ። ስትሞክሩ የዊንዶውስን የሙከራ ገጽ ብቻ አታውጡ። ቢሮው በየቀኑ የሚያወጣውን እውነተኛ ሰነድ አትሙ። በሙከራ ገጽ የማይታዩ ሁለት ችግሮች አሉ።

አንደኛው የወረቀት መጠን ነው። መጠባበቂያው ዊንዶውስ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ቅንብር ከተጫነ አዲስ ወረፋ ሲፈጠር መጠኑን «ሌተር» (የአሜሪካ የወረቀት መጠን) ያደርገዋል። ትሪው ውስጥ ያለው ግን ኤ4 ነው። ሰነዱ ይላካል፣ ፕሪንተሩ ይንጫጫል፣ ከዚያ ቢጫ መብራት እያብለጨለጨ ስክሪኑ ላይ ሌተር ወረቀት አስገቡ ይላል። ሰው ደግሞ ወረቀት አውጥቶ እየመለሰ፣ ትሪውን እየከፈተ እየዘጋ ይቆያል። በየወረፋው ነባሪውን መጠን ኤ4 አድርጉ።

ሁለተኛው የአማርኛ ፊደል ነው። ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ ደብዳቤ ወረቀት ላይ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ በተለይ የግዕዝ ፊደል የድሮ ፎንቶችን በመጠቀም የተጻፈ ከሆነ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ድራይቨሩ ፎንቱን ፕሪንተሩ ውስጥ ባለ ሌላ ፎንት ሲተካው ነው። በድራይቨሩ የላቁ ምርጫዎች ውስጥ ፎንቱን እንደ ምስል እንዲልክ የሚያደርግ ምርጫ ካለ እሱን አብሩ። ስለዚህ የሙከራ ሰነዳችሁ የቢሮው አርማና ማኅተም ቦታ ያለው የአማርኛ ደብዳቤ ይሁን፤ ሁለት ገጽ ሆኖ በሁለቱም ፊት ይታተም።

ወደ መጠባበቂያው የዞራችሁበትን ቅደም ተከተል በወረቀት ጽፋችሁ ሰርቨር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። አይቲው ዓመት ፈቃድ ላይ እያለ ሰርቨሩ ቢወድቅ ሌላ ሰው ሊከተለው ይገባል። በሰርቨሩ ላይ ብቻ የተቀመጠ መመሪያ ሰርቨሩ ሲወድቅ አይነበብም፤ ሊታተምም አይችልም።

ዋናው ተጠገነ። መቼ እንመለስ?

አትቸኩሉ። መጠባበቂያው እየሠራ ከሆነ ቀኑን ይጨርስ። በመጠባበቂያው ጊዜ አዲስ ፕሪንተር ጨምራችሁ ወይም ፈቃድ ቀይራችሁ ከሆነ ያንን ዋናው አያውቀውም። ስለዚህ አሁን ወደ ፋይል የምታወጡት ከመጠባበቂያው ነው፤ ዋናው ላይ ስታስገቡ ያለውን እንዲተካ የሚለውን ምረጡ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ስሙን መልሱ፤ የሰርቪስ ስም ካዛወራችሁ እሱንም መልሱ። ከዚያ ከአንድ ኮምፒውተር አትሙና የፕሪንት ሰርቪሱን የክስተት መዝገብ ዋናው ሰርቨር ላይ እዩ። ቁጥር 307 ያለው መስመር ካለ ሰነዱ በዋናው በኩል ታትሟል። ይህ መዝገብ ሲጀመር ዝግ ስለሆነ ቀድማችሁ በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ ክፈቱት።